ኔትወርክ አይደለም

ጥቅምት 8

ተራ ቀን። ሊዘንብ ብሎ ተወው። ጺሞ ዛሬም ቀድሞኝ ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ወንበር ይዟታል። ቢሮው ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ፣ የምንጣላው በአንድ ወንበር።

የፎቶ አንሺውን የድረ ገጽ ጋለሪ ጨርሼ ሊንኩን ላክኩለት። ፊቶች ብቻ ናቸው። የአንድ ሰው ሁለት ሁለት ፎቶ። የመጀመሪያው ቀስ እያለ ይደበዝዝና በላዩ ላይ ሁለተኛው ይወጣል። ከዚያ ሌላ ሰው። ደንበኛው ያዘዘው በአንድ መስመር ነው፦ «ፊቱ ሲለወጥ፣ መቼ እንደተለወጠ ሰው እንዳያውቅ።» ለምን ሁለት ሁለት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ እሱም አላብራራም። በወሩ መጨረሻ አዳራሽ ተከራይቶ በትልቁ ግድግዳ ላይ ሊያሳየው ነው። ድምፁን እንኳ ሰምቼው አላውቅም፤ ሁሉ ነገር በጽሑፍ። እንዲህ ዓይነት ወሬ የማያበዛ ደንበኛ ሁሌም ይስጠኝ።

የኔ ኮምፒውተር ላይ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ደስ አለኝ።

እራት ላይ እማዬ ስለ ቧንቧ ሠራተኛው ረጅም ታሪክ አወራችኝ። መጨረሻው ምን ነበር? እንጃ... መሀሉንም እንጃ።

ጥቅምት 10

ከፎቶ አንሺው መልእክት፦ «ይቆራረጣል።»

ምኑ? ብዬ ጻፍኩ።

«ፊቱ ሲለወጥ። ዘሎ ይመጣል። ይቆራረጣል።»

እኔ ጋ አይቆራረጥም። ጺሞ ጋም አይቆራረጥም። የኔና የሱ ኮምፒውተር አዲስ መሆኑ ትዝ አላለኝም፤ ወይም ትዝ እንዲለኝ አልፈለግኩም። «ችግሩ ከኔ ሳይሆን ከኔትወርክህ ነው» ብዬ መለስኩለት። ልጅ ነገር ይመስለኛል። አጫጭር መልእክት የሚጽፈው ልጅ ነው።

ጥቅምት 11

ደወለ። ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጋ... ጋ...» ዝም። «ጋ... ለሪ...» ዝም።

«ሄሎ? ሄሎ? ድምፅህ ይቆራረጣል። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሄደህ ደውል» ብዬ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ያው ነው። «አይሰማም!» ብዬ ዘጋሁት።

ለጺሞ «አየህ? ስልኩ እንዲህ ከሆነ ኢንተርኔቱ ምን ሊሆን ነው?» አልኩት። ማስረጃ እጄ የገባ መስሎኝ ፈነጠዝኩ። ምሳ ላይ ደግሞ ድምፁን አስመስዬ አሳየሁት። «ጋ... ጋ... ጋለሪ...» እያልኩ፣ ማንኪያውን እንደ ስልክ ጆሮዬ ላይ አድርጌ። ጺሞ ትን እስኪለው ሳቀ። ስምም አወጣለት። አቶ ቁርጥርጥ።

መልካም ቀን ነበር። በጣም ሳቅን።

ጥቅምት 13

«ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ኢንተርኔት ላይ ሞከርኩት። ያው ነው። መጥተሽ እዪው።»

ነገ ላፕቶፔን ይዤ እሄዳለሁ። ዓይኑ እያየ ልስልስ ብሎ ሲሄድ አሳየዋለሁ፣ ያኔ ያርፋል።

ጥቅምት 14

ከየት ልጀምር... አፈር ልብላ።

ስቱዲዮው ቁልፍ ቀራጩ አጠገብ ነው፣ ምድር ቤት። በሩ መስታወት ላይ የጉርድ ፎቶ ናሙናዎች፣ ፀሐይ የመታቸው። ገፋ አድርጌ ገባሁ። ካሜራው አጠገብ ቆመው የነበሩት ሰውዬ ዞር አሉ። ጸጉራቸው ገብስማ። አባቴን የሚያክሉ ሰው።

አባቴን የሚያክሉ! እኔ ስንት ጊዜ ነው «አንተ» ያልኳቸው? «ሄደህ ደውል»...

አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። መንጋጋቸው ጠበቅ አለ፣ እጃቸው ጭናቸውን መታ መታ አደረገ። አንዳች ነገር ያመማቸው መስሎኝ ልደግፋቸው እጄን ዘረጋሁ። «እ... እ... እንኳን ደህና መጣሽ» አሉ።

ያኔ ገባኝ።

ስልኩ፣ ማንኪያው፣ የጺሞ ትንታ፣ ሁሉ ባንዴ ትዝ አለኝ። ላፕቶፔን ማውጣት ጀመርኩ፣ እጄ የሚይዘው ነገር እንዲያገኝ ብቻ። «አያስፈልግም» በሚል እጃቸውን አወዛወዙና የራሳቸውን አሮጌ ላፕቶፕ ወደኔ አዞሩት። ጋለሪውን ከፈቱ። አንድ ፊት። ከዚያ ነጭ። ከዚያ የሁለተኛው ፊት ግንባር ብቻ። ከዚያ ድርግም ብሎ ሙሉው። እውነት ነው፣ ዘሎ ይመጣል።

«ኔ... ኔ... ኔትወርክ አይደለም» አሉ። ሁለት ጣታቸውን አነሱ። «ሁ... ሁለቱም።» ጋለሪውም፣ ስልኩም።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ወንበር አሳይተውኝ «ፕ... ፕ...» ሲሉ ቀድሜ «ፕሮጀክተር?» አልኳቸው፣ የረዳኋቸው መስሎኝ። በራሳቸው አይደለም አሉኝ። ፕላስቲኩን ሊሉ ነበር። ወንበሩ የለበሰውን ፕላስቲክ ሳላነሳ እንዳልቀመጥ ነው። ተቀምጬበት ነበር።

ፎቶዎቹ ምን እንደሆኑ ዛሬ ነገሩኝ። ቀስ ብለው፣ ረጅም ጊዜ ወስዶባቸው። ከሰው ጋር ሲያወሩ ካሜራው ፊት ለፊት ይቆማል፣ ማንሻው በገመድ እጃቸው ውስጥ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጀምሩ አንዴ ያነሳሉ። ሲጨርሱ ሌላ። ሁለቱ ፎቶ ይሄ ነው። ሰው እሳቸውን ሲሰማ ፊቱ የሚሆነው። ማንንም ሳያስፈቅዱ አያነሱም፣ ማንንም ሳያሳዩ አያወጡም።

«አ... አዳራሹ ውስጥ ንግግር አላደርግም። እ... እሱ ነው የሚናገርልኝ። እሱም ከተንተባተበ...»

ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ተዉት። ቃሉ አቅቷቸው አልነበረም።

ከዚያ «ላ... ላንሳሽ?» አሉ። በየትኛው አፌ እምቢ እላለሁ? ተቀመጥኩ። ማንሻውን ቀጭ አደረጉ፣ የሆነ ነገር ነገሩኝ፣ ረጅም ነበር፣ ቀጭ አደረጉ። ፈገግ አልኩላቸው።

ደረጃው ላይ ስደርስ ነው የባሰው ነገር ትዝ ያለኝ። የነገሩኝን አልሰማሁትም። አንድም ቃል። የት እንደምመለከት፣ ፊቴን ምን እንደማደርገው ሳስብ ነው ያለቀው።

ይቅርታ ደግሞ አላልኩም።

ጥቅምት 15

ጺሞ፦ «እሺ፣ አቶ ቁርጥርጥስ?»

ልነግረው ይገባ ነበር። ምን አደረግኩ? ፈገግ አልኩ። በቃ፣ ከንፈሬን ትንሽ ሸሸት አድርጌ... እሱም ሳቀ። እስከ ትናንት ባላውቅ ነው እል ነበር። የዛሬው ምንድነው? ራሴን ጠላሁት።

ቁም ሳጥን ውስጥ የተጣለውን የቢሮውን አሮጌ ላፕቶፕ አወጣሁ። አቧራውን ጠረግኩ፣ ጋለሪውን ከፈትኩበት። ወዲያው ዘለለ። ነጭ፣ ግንባር፣ ድርግም። ይሄን ላፕቶፕ ማውጣት የስንት ደቂቃ ሥራ ነበር? ሰውዬውን ውሸታም ከማድረጌ በፊት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የፎቶውን ክብደት። የላኩልኝ ግድግዳ የሚያክል ወረቀት ላይ ሊታተም የሚችል ፎቶ ነው፤ እኔም እንዳለ ጭኜዋለሁ። አሮጌው ላፕቶፕ ያን ሁሉ ተሸክሞ፣ አሳንሶ፣ ደግሞ አደብዝዝ ሲባል ይሰቃያል። ሁሉንም በልካቸው አሳነስኳቸው። ተሻለ። ግን አልዳነም።

ጥቅምት 17

ዛሬ ስሳሳት ዋልኩ። መደብዘዣውን ጊዜ አስረዘምኩት፣ መዝለሉም አብሮ ረዘመ። አሳጠርኩት፣ ጥፊ ሆነ። የማደብዘዙን ሥራ ከኔ ኮድ ነጥቄ ለብራውዘሩ ሰጠሁት፣ እሱ ከኔ የተሻለ ያውቅበታል። ይሄ በጣም ረዳ። ግን አሁንም እያንዳንዱ ሁለተኛ ፊት መጀመሪያ ሲወጣ ይዘላል። ጋለሪው ዞሮ ሲደግም ግን ደህና ነው። ለምን ሲደግም ደህና ይሆናል?

ሌላ ጣጣ። የአንዲት ሴትዮ ፊት ጭራሽ አይለወጥም። ሻሽ ያሰሩ፣ በእጃቸው አገጫቸውን የደገፉ። ሁለተኛው ፎቶ አልተጫነም ብዬ ኮዱን በረበርኩ፣ ምንም የለም። ይሄም ለነገ።

ጥቅምት 18

ፎቶ አንሺው የቀሩትን ፎቶዎች ላኩ። ከሥሩ፦ «ያንቺም አለ። ካልፈለግሽ አውጪው።»

ከፈትኩት። ብቻዬን መሆኔን አረጋግጬ።

የመጀመሪያው፦ ቅንድቤ ተሰቅሏል። አፌ በትንሹ ተከፍቷል፣ ቃሉን ላቀብላቸው የተዘጋጀሁ። ዓይኔ ግን እሳቸው ጋ የለም፣ ላፕቶፔ ጋ ነው።

ሁለተኛው፦ ፈገግታዬ። በትህትና ፈገግ ያልኩ መስሎኝ ነበር እኮ። አይደለም። ስላለቀላት ደስ ያላት ሴት ፊት ነው። እፎይ የምትል።

አወጣሁት። አልጫንኩትም። ከዚያ ምን ብዬ ብጽፍላቸው ጥሩ ነው? «አንዱ ፋይል ተበላሽቶ አልከፈት አለኝ።»

አሁንም ጥፋቱ የፋይል። ከኔ በቀር ሁሉም ጥፋተኛ ነው።

«እሺ» ብለው መለሱ። ያቺን እሺ ስንቴ አነበብኳት።

ጥቅምት 20

ተገኘ።

ኮዱ ውስጥ፣ ሁለተኛውን ፎቶ ትንሽ ጊዜ ይጠብቀዋል። ደረሰም አልደረሰም ያቺ ጊዜ ስታልቅ ማሳየት ይጀምራል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ፎቶው ቶሎ ስለሚሰናዳ ይደርሳል። አሮጌው ላይ ገና ግማሹ ነው፣ ግማሹን ጎትቶ ያወጣዋል፣ ዘለለ ማለት ይሄ ነው። ጋለሪው ሲደግም ፎቶው ተሰናድቶ ስለሚቆይ ደህና ይሆናል። ቀላል ነገር። የጊዜ ገደቧን ሰረዝኳት። ፎቶው ሙሉ በሙሉ ተዘጋጅቻለሁ እስኪል ድረስ የመጀመሪያው ፊት እንዳለ ይቆይ፣ የፈለገውን ያህል ይቆይ። ማን ይሞታል?

ያቺን ገደብ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ካልደረሰ እለፈው። ስልኩንም የዘጋሁት እንዲሁ ነው። ኮዱ ላይ ሳያት ፊቴ ጋለ፣ ሰው ያየኝ ይመስል ዞር ዞር አልኩ።

መሞከሪያ ያስፈልገኝ ነበር። የማንን ፊት ልጠቀም? የሌላ ሰው ፊት ቀኑን ሙሉ ማየት ከበደኝ... የራሴን ጫንኩ። ቅንድብ፣ እፎይታ። ቅንድብ፣ እፎይታ። ከጠዋት እስከ ማታ። አሁን አይዘልም። መቼ እንደተለወጠ አይታወቅም፣ ብቻ ሲያልቅ ሌላ ሴት ናት። ሲዘል ይሻለኝ ነበር፤ ሲዘል ዓይኔ መዝለሉ ላይ ነበር።

ጺሞ በትከሻዬ በኩል አየ። «ማናት? ...አንቺ ነሽ እንዴ? ምን ሆነሽ ነው?»

ነገርኩት። ሁሉንም። የተቆራረጠው ስልኩ እንዳልነበረ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲሄድ አየሁት።

«ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

«ያስመሰልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ከዚያ የመስኮቷን ወንበር ለቀቀልኝ። አልተቀመጥኩባትም።

ጥቅምት 21

ሄድኩ። ቁልፍ ቀራጩ እየፋጨ ነበር፣ እስኪጨርስ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰበብ ነው፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ነው።

ገብቼ ባንድ ትንፋሽ አፈሰስኩት። «ጋሼ፣ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ዋሽቼዎት ነው፣ ፊቴን አፍሬበት ነው፣ ስልኩንም ሁለቴ የዘጋሁብዎት ኔትወርክ መስሎኝ ነው፣ አንተም ብዬዎታለሁ፣ ቢሮ ውስጥም ድምፅዎን አስመስዬ አስቄበታለሁ፣ ጥፋቱም የኔ ኮድ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

ያስመሰልኩትን ለመናገር አላሰብኩም ነበር። አብሮ ወጣ።

ጠበቁኝ። እስክጨርስ። አልነቀነቁ፣ አላቋረጡ። ከዚያ፦

«ቀ... ቀስ በይ» አሉ።

ዓይናቸውን አየሁ። እየቀለዱ ነው! እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ፣ እንባዬ መጣ። ያስመሰልኩትን ነገር ግን አላለፉትም። «እ... እሱ ያማል» አሉ። «ል... ልጅ ሆኜም ያደርጉኝ ነበር።» ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። ብለውኝ ቢሆን ቀልሎኝ እረሳው ነበር።

ላፕቶፓቸው ላይ ጋለሪውን ከፈትን፤ የኔንም ፊት ትቼበታለሁ። እስከ መጨረሻው አዩት። ልስልስ ብሎ ሄደ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

ዞሮ ሲደግም፣ ሻሽ ያሰሩት ሴትዮ ስክሪኑ ላይ ሲመጡ «ይቺ ብቻ አልስተካከል አለችኝ፣ ሁለተኛው ፎቶ አይወጣም» አልኳቸው።

«ወ... ወጥቷል» አሉ።

«አልተለወጠም እኮ።»

«ባ... ባለቤቴ ናት። አ... አትለወጥም።»

ኮዱ ደህና ነበር።

ጥቅምት 27

አዳራሹ። እማዬን ይዤ ሄድኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት። ፕሮጀክተሩ የተገናኘው ከዚያው አሮጌ ላፕቶፕ ጋር ነው፤ እሳቸው ሌላ አልፈለጉም። እጄ አልቦዝ አለ፣ ከጀርባ ቆሜ የፕሮግራሙን ወረቀት እጠቀልላለሁ፣ እዘረጋለሁ።

አልዘለለም። አንድም ጊዜ። መጀመሪያ ሰው ያወራ ነበር፣ «እነማን ናቸው?» «ምን እያዩ ነው?» ከዚያ አንድ ባለሱቅ መጣ፣ ፊቱ ቀስ እያለ ከትዕግስት ወደ ስልቹነት ሲሄድ፣ ሰዉ ምን እያየ እንደሆነ ገባው መሰለኝ፣ ጸጥ አለ። የቢሮ መስኮት ላይ የተቀመጠች ጸሐፊ። ነርስ። ሰዓቱን የሚያይ ወጣት። ሁሉም ጨዋ ሰው ነው። ሁሉም እንደኔ ነው።

ከዚያ እኔ። ግድግዳውን የሞላሁ።

ልወጣ ነበር፣ እማዬ ክንዴን ያዘች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው። «ይቺን ፊት አውቃታለሁ» አለች።

«እማዬ...»

«ራት ላይ ነው የምታደርጊያት። እኔ ሳወራ።»

በክፋት አይደለም የተናገረችው። ጨው አቀብዪኝ እንደማለት ነው ያለችው። ስንት ዓመት እንዳወቀችው ልጠይቃት ፈለግኩ፣ አቃተኝ። ከአዳራሹ ሁሉ ያሳፈረኝ ይሄ ነው።

መጨረሻ ላይ ባለቤታቸው መጡ። አገጫቸውን ደግፈው። የፊተኛው ፎቶ፣ የኋለኛው ፎቶ፣ ያው። «ቆመ እንዴ? ተበላሸ?» አለ ከጎኔ የነበረው ሰውዬ።

«አልተበላሸም» አልኩት።

ፊት ለፊት ረድፍ ላይ ሴትየዋ ራሳቸው ተቀምጠዋል፣ ፎቶ አንሺው በጆሯቸው የሆነ ነገር ይነግሯቸዋል። ከጎን ያየሁት ፊታቸው ግድግዳው ላይ ያለው ነው።

ጥቅምት 28

የቧንቧ ሠራተኛው ታሪክ መጨረሻ አለው ለካ። እማዬን ጠይቄ እንደገና አስጀመርኳት፣ ስልኬን ጓዳ ትቼ። ለካ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ የጠገነው የኛን ሳይሆን የጎረቤትን ቧንቧ ነው። ሳቅኩኝ። እማዬ ግን ፊቴን ነበር የምታየው፣ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ።

ኅዳር 2

ፎቶ አንሺው ደወሉ። ፎቶዎቹን ሌላ ከተማ ሊወስዷቸው ነው፣ አዲስ ፊቶችም ይጨመራሉ። ጊዜ ወሰደ። ጺሞ ከወዲያ እንደ ባህታዊ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል፣ መተየቡን እንኳ አቁሞልኝ።

ከመዝጋታቸው በፊት ጠየቅኳቸው። እንደተሸከምኩት ነው የሰነበትኩት። «ጋሼ፣ ያን ቀን ሲያነሱኝ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። አልሰማሁዎትም። ምን ነበር ያሉኝ?»

«ያ... ያን ቀን...» አሉ። «ያ... ያልኩሽ...»

ዝም።

ጠበቅኩ። ሄሎ አላልኩም። ቃል አላቀበልኩም። ጺሞ ቀና ሲል በእጄ ዝም በል አልኩት። መስኮቱ ሥር አንድ ሰው ከመኪና ወንበር ያወርዳል፤ አንዱን አወረደ፣ ሌላውን አወረደ፣ ሁሉንም አውርዶ ጨረሰ። ሻዬ በረደ። ስልኩን በሌላው ጆሮዬ ለማድረግ እንኳ ፈራሁ፣ በመሀል ቃሉ ቢያመልጠኝስ? በሕይወቴ ሰውን እንዲህ ጠብቄ አላውቅም።

ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነዘረ። መልእክት።

«ይሄኛውስ እውነትም ኔትወርክ ነው። ከተቋረጠ ቆይቷል። ነገ ነይና ስሚው።»

እሄዳለሁ።